ኤቨርተንን በ2023/24 ከመውረድ ያዳነው ንዴቱ ነው ወይስ ተከላካዩ?

ጉዲሰን_ጎፋ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ስለ ኤቨርተን ክር ሲከፈት ብዙ ሰው እንደማይገባ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ሦስት አራት ሰው ከመጣ ይበቃኛል።

የ2023/24 ሲዝን በተነሳ ቁጥር አንድ ታሪክ ብቻ ነው የሚደጋገመው። «የሊጉን የኪሳራ ደንብ ጥሰው 10 ነጥብ ተቀነሰባቸው፣ ተናደዱ፣ በንዴት ተጫውተው ተረፉ።» ደስ የሚል ታሪክ ነው። ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ለተከታተለ ግን አይገጥምም።

ቅጣቱ የተነገረው ኖቬምበር 17 ነው። 14 ነጥብ ይዘን 14ኛ ነበርን። በአንዴ 4 ነጥብ ይዘን 19ኛ ሆንን። ከኛ በታች የነበረው በርንሌይ ብቻ ነው፣ እሱም በጎል ክፍያ። ቀጣዩ ጨዋታ በሜዳችን ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ነበር። ደጋፊው ሊጉን «ሙሰኛ» የሚል ሮዝ ካርድ ይዞ ገባ። ጉዲሰን ፓርክ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያስ? ገና በ3ኛው ደቂቃ ጋርናቾ ያቺን የመቀስ ምት አገባ። 3 ለ 0 ተሸነፍን። ንዴት ነጥብ የሚያመጣ ቢሆን ያን ቀን ያመጣ ነበር።

ቀጥሎ አራት ተከታታይ ድል መጣ። ፎረስትን 1 ለ 0፣ ኒውካስልን 3 ለ 0፣ ቼልሲን 2 ለ 0፣ በርንሌይን 2 ለ 0። አንድም አልገባብንም። ሰው ሁሉ «ንዴቱ ሠራ» ያለው እዚህ ጋ ነው። እሺ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ 13 የሊግ ጨዋታ አላሸነፍንም። ንዴቱ በረደ እንዳትሉኝ፣ ደጋፊው እስከ መጨረሻው እየተቃጠለ ነበር።

እኔ የምለው ያዳነን የኋላ መስመሩ ነው። ታርኮውስኪ፣ ብራንትዌይት፣ ከኋላቸው በረኛው ፒክፎርድ። ሲዝኑን ሙሉ የገባብን 51 ጎል ነው። ከአርሰናል፣ ከሲቲና ከሊቨርፑል ቀጥሎ አራተኛው ማለት ነው። ያገባነው ደግሞ 40። ከኛ ያነሰ ያገባው ሼፊልድ ዩናይትድ ብቻ ነበር። ይሄ ቡድን ከማንም ጋር ባዶ ለባዶ መውጣት ይችላል። ጎል ሲባል ግን ምጥ ነው።

እስቲ እናንተስ?

መድፈኛው

ታርኮውስኪ የሚለውን ስም ባላየው ምናለ። ፌብሩዋሪ 2023፣ እኛ አርሰናሎች ሊጉን እየመራን፣ ዳይች የኤቨርተን አሰልጣኝ ሆኖ ከተሾመ የመጀመሪያ ጨዋታው። ኮርና፣ ጭንቅላት፣ 1 ለ 0። የዚያ ዓመት መበላሸት ለኔ የጀመረው እዚያ ነው።

ስለ ክሩ ግን ትክክል ነህ። የዳይች ቡድን ንዴት የሚያስፈልገው ቡድን አይደለም። ኮርና ስጠው፣ ቅጣት ምት ስጠው፣ ይበቃዋል።

ትኬት_ቆራጭ

ከዚያ 13 ጨዋታ ውስጥ አንዷ የኔ ናት። ብራይተን ላይ ኤቨርተን ያሸንፋል ብዬ ቆርጫለሁ። ብራንትዌይት አገባ። የቀሩት ጨዋታዎች በሙሉ ገብተውልኛል። 95ኛው ደቂቃ ላይ ደንክ በጭንቅላት። 1 ለ 1። ከዚያ ወዲህ ኤቨርተንን ትኬት ውስጥ አስገብቼ አላውቅም፣ ለማሸነፍም ለመሸነፍም።

ቀበሮው

የሌስተር ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ ከአሁኑ ይቅርታ፣ ክሩን ልረብሸው ነው።

እናንተ «ማን አዳነን» እያላችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ ደግሞ መውረድ የነበረበት ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ወደ 2022/23 ተመለሱ። የመጨረሻው ቀን፣ ሜይ 28። ኤቨርተን 36 ነጥብ፣ 17ኛ። ሌስተር 34፣ 18ኛ። ልዩነቱ 2 ነጥብ ነው። እኛ ዌስትሃምን 2 ለ 1 አሸንፈን ስልካችንን እያየን ነበር። ዱኩሬ በ57ኛው ደቂቃ በርንማውዝ ላይ ያገባት ጎል ባትኖር ኖሮ እኩል 34 ሆነን፣ በጎል ክፍያ እንተርፍ ነበር። የኛ ሲቀነስ 17፣ የናንተ ሲቀነስ 23።

አሁን ልብ በሉ። በኤፕሪል 2024 ኤቨርተን ላይ ሁለተኛው ቅጣት መጣ። ስንት? 2 ነጥብ። ለየትኛው ጊዜ? በ2022/23 ለተዘጋው ሂሳብ! ያ 2 ነጥብ በዚያው በ2022/23 ተቀንሶ ቢሆን ኤቨርተን ዛሬ «70 ዓመት አልወረድኩም» እያለ አይፎክርም ነበር። እኛን አውርዶ፣ ቅጣቱን በማይጎዳው ዓመት ከፈለ።

ሊድስ_ነዋሪ

ከሊድስ ነው የምጽፈው። እኛም ያን ዓመት አብረን ወርደናል። ግን 31 ነጥብ ይዘን ስለሆነ ማንንም መክሰስ አንችልም። የመጨረሻውን ቀን በሜዳችን በቶተንሃም 4 ለ 1 ነው የጨረስነው።

ቀበሮው ያለው ግን እዚህ ከተማም ይወራል። እንግሊዞች ስለ ኤቨርተን ስታነሳባቸው ፊታቸው ይቀየራል።

ሂሳብ_ሹም

በሙያዬ ልግባበት። አንዳንድ ነገር እየተምታታ ነው።

ያኔ የነበረው ደንብ ሲጠቃለል ይህ ነው። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በሦስት ዓመት ተደምሮ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይችልም ነበር። ለስታዲየም ግንባታ፣ ለታዳጊዎች አካዳሚ፣ ለሴቶች ቡድን የወጣ ገንዘብ ከስሌቱ ይወጣ ነበር። ኤቨርተን እስከ 2021/22 ባለው ጊዜ የተገኘበት ኪሳራ 124.5 ሚሊዮን ነው። ጣሪያውን በ19.5 ሚሊዮን አልፏል። ዋናው ክርክር አዲሱ ስታዲየም ሲሠራ የተበደሩት ገንዘብ ወለድ የስታዲየም ወጪ ነው ወይስ የዕለት ተዕለት ወጪ የሚል ነበር። ክሱን ያየው ገለልተኛ ኮሚሽን የስታዲየም አይደለም አለ። ከሩሲያ ማዕቀብ በኋላ የሩሲያዊው ባለሀብት የኡስማኖቭ ኩባንያዎች ስፖንሰርነት መቋረጡንም እንደ ማቅለያ አቅርበው ነበር። አልተቀበላቸውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥፋት የሚመለከተው ሌስተርን ሳይሆን በርንሌይን ነው። በ2021/22 የወረደው በርንሌይ ነው። ኤቨርተን 39፣ በርንሌይ 35። በርንሌይ ቅር ቢለው አልፈርድበትም።

ቀበሮው ወዳነሳው ልምጣ። ሂሳብ የሚዘጋው ጁን 30 ነው። ሊጉ ያለቀው ሜይ 28። ገና ያልተዘጋ ሂሳብ ላይ ነጥብ መቀነስ አይቻልም። ለ2021/22ቱ ኤቨርተን የተከሰሰው ማርች 2023 ላይ ነው፣ የተፈረደበት ኖቬምበር ላይ። በመሃል አንድ ሲዝን አለቀ። ሊጉም ይሄ አሠራር እንደማያዛልቅ ስለገባው ቀጣዮቹ ሂሳቦች እስከ ዲሴምበር 31 እንዲገቡ አደረገ። ኤቨርተን በአንድ ሲዝን ሁለት ጊዜ የተቀጣው በዚህ ሽግግር መሃል ስለተገኘ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ሌስተር ራሱ በዚያው ደንብ ተከሶ በሴፕቴምበር 2024 በይግባኝ ያመለጠው በምን ምክንያት ነበር? «ሂሳቡ ሲዘጋ እኛ ከፕሪሚየር ሊግ ወርደን ነበር» ብሎ ነው። በጁን 30 ቀን ነው ያመለጠው! ቀኗ ለናንተ ስትሠራ ጥሩ ናት።

(በነገራችን ላይ የኛ ሀገር ክለቦች በዚህ ደንብ ቢለኩ ብዬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። አብዛኛው በጀት ከባንክ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከከተማ አስተዳደር ነው የሚመጣው።)

ቀበሮው

ሂሳብ ሹሙ ጠበቃም ነህ እንዴ? በጁን 30 ያመለጥነውን አልክድም። በኋላ በ2025 ድጋሚ ወርደናል፣ ማንም አላዳነንም። ነገር ግን የኔ ጥያቄ ሕጉ ምን ይላል አይደለም። 2 ነጥብ ነው የለየን፣ 2 ነጥብ ነው የተቀጡት። ይሄን እያየሁ እንዴት ልተኛ?

ጉዲሰን_ጎፋ

ቀበሮው፣ ቅሬታህ ይገባኛል። ስለ ፍትሕ ካነሳን ግን የሌላውንም ወገን ልንገርህ።

ለ19.5 ሚሊዮን 10 ነጥብ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ትልቁ የነጥብ ቅጣት ነበር። ከዘጠኙ የይግባኝ ነጥቦቻችን ሁለቱ ተቀባይነት አገኙና በፌብሩዋሪ 26 ወደ 6 ወረደ። በማግስቱ ወር ፎረስት በ34.5 ሚሊዮን አልፎ 4 ነጥብ ተቀጣ። ተባብረዋል ተባለ፣ እሺ። ከኛ በእጥፍ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ጥፋት በትብብር ከኛ ያነሰ ቅጣት አገኘ። ስለ ማንቸስተር ሲቲ 115 የገንዘብ ደንብ ክስ ደግሞ ሌላ ክር አለ፣ እዚህ እንዳታመጡት።

ከሁሉም የሚያመው ግን የቁጥሩ መጠን አልነበረም። የሰንጠረዡ መዋዠቅ ነበር። ኖቬምበር ሲቀነስ 10። ፌብሩዋሪ ሲደመር 4፣ ሳንጫወት ከ17ኛ ወደ 15ኛ ወጣን። ኤፕሪል 8 እንደገና ሲቀነስ 2፣ ወደ 16ኛ ወረድን። በርንሌይን 1 ለ 0 አሸንፈን ያ የ13 ጨዋታ ድርቅ ካበቃ ገና ሁለት ቀናችን ነበር። ያገኘናት 3 ነጥብ 1 ሆነች። ተጫዋቹ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ያገኘውን ሰኞ ቢሮ ውስጥ ይወስዱበታል። አሰልጣኝ ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ምን ብሎ ይናገራል?

መድፈኛው

በርንሌይ ላይ የገባችው ጎል ራሷ ታሪክ ናት። በረኛው ሙሪች ኳስ ሊያጸዳ ሲመታ ካልቨርት ሌዊን እግሩን ዘርግቶ፣ ነጥራ ገባች። ከጥቅምት እስከ ኤፕሪል የደረቀ አጥቂ ፔናሊቲ አገባ፣ ከዚያ ይህችን። እግር ኳስ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚከፈትልህ።

ቁጥር_አይዋሽም

ሁላችሁም የተስማማችሁበትን ነገር ልጠይቅ። ትግል ነበር ወይ?

የመጨረሻውን ሰንጠረዥ እዩት። ሉተን 26፣ በርንሌይ 24፣ ሼፊልድ ዩናይትድ 16። ሦስቱም በዚያው ዓመት ያደጉ ክለቦች ናቸው። ያደጉት ሦስቱም ባንድ ላይ ሲመለሱ ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ኤቨርተን በሜዳ ያገኘው 48 ነጥብ ነው። 8ቱ ተቀንሶ 40፣ 15ኛ። ይግባኙ ባይሳካና 12 ነጥብ ቢቀነስ እንኳ 36 ነው። ሉተንን በ10 ነጥብ ይበልጣል!

ቅጣት ባይኖር 12ኛ ይሆን ነበር፣ በርንማውዝን በጎል ክፍያ በልጦ። ስለዚህ ይሄ የመካከለኛ ቡድን ሲዝን ነው። ድራማው ከሜዳ ውጭ ነው። እውነተኛ የመውረድ ትግል ካላችሁ የ2022/23ቱ ነው። በ38 ጨዋታ 34 ጎል ያገባ ቡድን በመጨረሻው ቀን ከአንድ ጎል ጋር ተንጠልጥሎ ተረፈ።

«ንዴት ወይስ ተከላካይ» አይደለም መልሱ። ሉተን ነው መልሱ።

አንፊልድ_መርካቶ

ከቁጥር አይዋሽም ጋር እስማማ ነበር፣ ኤፕሪል 24 ባይኖር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኛ ሊቨርፑሎች ከ2010 ጀምሮ ጉዲሰን ላይ በሊግ በኤቨርተን ተሸንፈን አናውቅም ነበር። ያን ምሽት ለዋንጫ እየተጫወትን ነው የሄድነው። የክሎፕ የመጨረሻ ዓመት። ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ከአንድ ሰዓት በፊት ሞልቷል፣ ሁሉም ቀይ ለባሽ። ብራንትዌይት በ27ኛው ደቂቃ፣ ከተደበላለቀ ኳስ። ካልቨርት ሌዊን በ58ኛው ከማክኒል ኮርና፣ ሩቁ ቋሚ ጋ ብቻውን ቆሞ። 2 ለ 0። ዋንጫውን ጉዲሰን ላይ እንዳጣን እየዘፈኑ ነው የሸኙን። እነሱ ለመትረፍ፣ እኛ ለዋንጫ። በሁለተኛ ኳስ ላይ ሁሉ ቀድመውን ይደርሱ ነበር። እንዴት ነው ታዲያ መካከለኛ ቡድን የምትለው?

ትኬት_ቆራጭ

እኔ ደግሞ ያን ቀን ሊቨርፑልን ነበር የቆረጥኩት። ምንም አልልም።

ጋሽ_ራዲዮ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ ስለ ኤቨርተን መትረፍ ስታወሩ ከ2022 መጀመራችሁ ገረመኝ።

በ1994 የመጨረሻው ቀን ከዊምብልደን ጋር ነበር። በ20 ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 ተመሩ። ግራሃም ስቱዋርት በፔናሊቲ አንድ አገባ። ባሪ ሆርን ከሩቅ አክርሮ መትቶ አቻ አደረገ። መጨረሻ ላይ ስቱዋርት ደገመና 3 ለ 2 ወጡ። በ1998 ደግሞ በመጨረሻው ቀን ከኮቬንትሪ 1 ለ 1 ወጥተው፣ ከቦልተን ጋር እኩል 40 ነጥብ ይዘው በጎል ክፍያ ተረፉ። ያን ጊዜ ቦልተን በቼልሲ ባይሸነፍ አልቆላቸው ነበር። ክለቡ ከ1954 ጀምሮ ወርዶ አያውቅም፣ ግን በሰላም የኖረ ክለብ አድርጋችሁ አትዩት።

እኛ ያኔ ውጤት የምንሰማው በሬዲዮ ነበር። ማን እንዳገባ ለማወቅ ሳምንት የምንጠብቅበት ጊዜ ነበር።

ጉዲሰን_ጎፋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ያሉበት ክር ውስጥ ትንሽ አፍር ይለኛል። 2022ንም ግን አይናቁብኝ። ፓላስ ላይ 2 ለ 0 እየተመራን ሄደን በኪን፣ በሪቻርሊሰንና በካልቨርት ሌዊን ጎል 3 ለ 2 ያሸነፍንበት ምሽት ከዊምብልደኑ አያንስም።

ቁጥር አይዋሽም፣ ያንተ ሰንጠረዥ የሜይ ሰንጠረዥ ነው። እኔ የምልህ የኤፕሪል ነው። ኤፕሪል 15 ቼልሲ 6 ለ 0 ገረፈን። ፓልመር ብቻውን አራት። ያን ምሽት እኛ 27፣ ፎረስት 26፣ ሉተን 25። ጎል የማያገባ ቡድን፣ አሁን ደግሞ መከላከልም ያቃተው። ሉተን 26 ላይ እንደሚቆም ማን ያውቅ ነበር? ጉዲሰን ላይ እኮ 2 ለ 1 አሸንፈውን ሄደዋል። ክለቡን ይገዛል የተባለው 777 የሚሉት ድርጅት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ማንም አያውቅም ነበር። ብንወርድ ያ ሁሉ ዕዳ ያለበት ክለብ፣ ግማሽ የተሠራ ስታዲየም ይዞ ምን ይሆን ነበር?

ከዚያ ስድስት ቀን ቆይቶ ፎረስት መጣ። 2 ለ 0፣ ጌይና ማክኒል። ረቡዕ ሊቨርፑል 2 ለ 0። ቅዳሜ ብሬንትፎርድ 1 ለ 0፣ እንደገና ጌይ። በሰባት ቀን ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ነጥብ፣ የገባብን ዜሮ። ሦስት ጨዋታ እየቀረን ተረፍን። 6 ለ 0 ከተሸነፈ ከቀናት በኋላ ሦስት ጊዜ በሩን የሚዘጋ ተከላካይ ነው እኔ የምለው። ንዴት ከሆነ 6 ለ 0 የተሸነፍንበት ቀንም ንዴት ነበረን።

ሊድስ_ነዋሪ

ካልቨርት ሌዊን አሁን የኛ ነው። በነፃ መጣ። ኮርና ላይ ሩቁ ቋሚ ጋ ሲቆም ማንም አይይዘውም ያላችሁትን አይቻለሁ።

ቁጥር_አይዋሽም

ጉዲሰን ጎፋ፣ የኤፕሪሉን እቀበልሃለሁ። ግን አስተውል፣ ሦስቱም በሜዳችሁ ነው። ተከላካይ ብቻ ቢሆን 6 የገባባችሁ የቼልሲ ሜዳ፣ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይም ይዘጋ ነበር። የዳይች ቡድን ከሜዳው ሲወጣ ሌላ ነበር። ስለዚህ ደጋፊውን ከሂሳቡ ማውጣትህ ልክ አይመስለኝም። ንዴት አትበለው፣ ጫጫታ በለው።

ጉዲሰን_ጎፋ

ያ አራት ተከታታይ ድል ውስጥ ሁለቱ ከሜዳ ውጭ ናቸው። ፎረስትና በርንሌይ። ዌስትሃምንም ፓላስንም በሜዳቸው ያሸነፍነው ከቅጣቱ በፊት ነው። ጫጫታው ረድቷል፣ አልክድም። 13ቱ ውስጥ ግን በሜዳችን ዌስትሃም 3 አግብቶብን ሄዷል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያለ።

ቀበሮው፣ ዝም ብለሃል። ስለ 2 ነጥብ ካነሳህ አይቀር ሜይ 1፣ 2023ን ለምን አታነሳም? በሜዳችሁ፣ 2 ለ 1 እየመራችሁ፣ ከእረፍት በፊት ፔናሊቲ አገኛችሁ። ማዲሰን መሃል ላይ መታ። ፒክፎርድ ቆሞ ጠበቀው። የውሃ ጠርሙሱ ላይ የማዲሰን ፔናሊቲ ወዴት እንደሚሄድ ተጽፎለት ነበር። ከእረፍት መልስ ኢዎቢ አገባና 2 ለ 2 አለቀ። ያን ጨዋታ ብታሸንፉ እናንተ 36፣ እኛ 35። ያ የፕሪሚየር ሊግ ቢሮ ጥፋት ነው?

ቀበሮው

ጠርሙሱን ባታነሳው ጥሩ ነበር።

አዎ፣ ያን ፔናሊቲ እስካሁን ደግሜ አላየሁትም። ወንድሜ ያን ቀን «መሃል እንዳይመታ» ብሎኝ ነበር ኳሱ ላይ ሲቆም፣ እኔ ደግሞ ዝም በል አልኩት። የሂሳብ ሹሙን ጁን 30 ልቀበል እችላለሁ። ይሄኛውን ግን ቡናዬን ልጠጣበት፣ ነገ እመለስበታለሁ።

ትኬት_ቆራጭ

ያን ቀን ሌስተርን ቆርጬ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ?